ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ በብስክሌት

ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው በኮርቻ ላይ ለተቀመጡት ነው። ንጉሡ በፈረስ፣ ሚስዮናዊው በበቅሎ፣ አገር አሳሹ ፈረንጅም በበቅሎና በአሽከር ብዛት ይጓዛሉ፤ ስማቸውም ይጻፋል። ከኋላቸው በእግሩ የሚከተለው ሕዝብ ግን «ብዙ ሰው» በሚል ቃል ይታለፋል። ብስክሌት ከእነዚህ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ መጓጓዣ ነው። ከእግረኛ ይፈጥናል፤ ከፈረሰኛ ዝቅ ይላል። በብስክሌት የሚሄድ ሰው መንገድ ዳር ለሚያገኘው ሁሉ ሰላምታ ሳይሰጥ ማለፍ አይችልም፤ ከደጅ የሚቆላ ቡና ይሸተዋል፤ ዳገት ሲመጣ ወርዶ ይገፋል። ስለዚህም ይመስለኛል፣ አገርን በብስክሌት ማየት መጽሐፍን በእርጋታ እንደ ማንበብ የሚሆነው።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ስለሚወስደው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። መንገዱን በብስክሌት የሄድኩበት ቀን በ2012 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ የዋለ እሑድ ነበር። የታሪክ ምሁር አይደለሁም፤ እንጀራዬ ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጦ የሰው ገንዘብ መቁጠር ነው። ማታ ማታ ደግሞ ስንኝ እቋጥራለሁ። ይሁንና በዚያ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ነገሮች፣ ድልድዩም፣ እሸቱም፣ ጠላውም፣ ፏፏቴውም፣ እያንዳንዳቸው የኋላ ታሪካቸውን ይዘው ስለቆዩኝ፣ አንዱን ከአንዱ ጋር አያይዤ ለመጻፍ ደፈርኩ።

ከመነሻዋ እንጀምር። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋች የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። በጥንት ዘመን በቤተ ክርስቲያኗና በገበያዋ የምትታወቅ የጣና ዳር መንደር ነበረች። ዛሬ የምናውቃት ከተማ ግን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የቆመች ናት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናውያን ባለሙያዎች ፕላኗን ነደፉ። ጣሊያን ለጦርነቱ ጥፋት በከፈለችው ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ በ1961 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። በሶቪየት ኅብረት ርዳታም የፖሊ ቴክኒክ ተቋሟ በ1963 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ያን ጊዜ ዓለም በሁለት ጎራ ተከፍሎ ይፋጠጥ ነበር፤ በጣና ዳር ግን የምዕራቡም የምሥራቁም እጅ በአንድ ሜዳ ላይ አረፈ። ከዚያ የተረፈልን ሰፋፊ ጎዳና፣ በጎዳናው መካከል የተሰለፈ ዘንባባ፣ በማለዳም ወደ ፈረቃው የሚጣደፍ ሠራተኛ ነው። ሜዳ፣ ሰፊ መንገድና ሰዓት የሚጠብቅ ሥራ አንድ ላይ ሲገኙ ብስክሌት ሳይጠሩት ይመጣል። የባሕር ዳር ሰው ብስክሌትን ለስፖርት ብሎ አልያዘውም፤ ለሥራና ለትምህርት፣ ለገበያና ለለቅሶ ነው የያዘው። በነጭ ነጠላ ወደ ቤተ ክርስቲያን በብስክሌት የሚሄድ ሽማግሌ ለእኛ ከተማ ብርቅ ሆኖ አያውቅም።

የቋንቋ ወዳጆች ናችሁና አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የብስክሌት ዕቃዎች ስም ራሱ ታሪክ ነው። «ብስክሌት» የሚለው ቃል ለፈረንሳይኛው አጠራር ይቀርባል። «ጎማ»፣ «ጎሚስታ»፣ «ካቴና» የሚሉት ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። «ፓምፕ» የእንግሊዝኛ ነው። አንድ ብስክሌት በተበላሸ ቁጥር የሦስት አገር ቋንቋ እንናገራለን ማለት ነው። የእኛ የሆነው «መሪ» የሚለው ነው፤ እጃችን የሚይዘው እርሱን ነው። ይህን ያልኩት ለቀልድ ብቻ አይደለም። ባዕድ የሆነውን ሁሉ ተቀብሎ መሪውን በራስ ቃል መጥራት፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ የዚህ መንገድ ሁሉ ጠባይ ነው።

የአገራችን የብስክሌት ታሪክ ከሩጫችን ታሪክ እኩል ዕድሜ አለው ብል ማጋነን አይሆንም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ሜልቦርን የላከችው ሯጮችን ብቻ አልነበረም፤ ብስክሌተኞችም አብረው ሄደው ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ በ2016 እ.ኤ.አ. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በእነዚህ በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለውን ዘመን የሞላው ግን ስሙ በየትም ያልተጻፈው ተራ ብስክሌተኛ ነው፤ ከኋላው ልጁን፣ ከፊቱ የዱቄት ከረጢቱን ጭኖ የሚሄደው ሰው። ዛሬ በከተማችን ባጃጁ በዝቶ ብስክሌቱ ወደ መንገዱ ጥግ ተገፍቷል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌት የተለየ መንገድ ይዞ መምጣቱ ለእኔ ትልቅ ደስታ የሆነውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ መንገዱ። ከከተማው ስትወጡ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ ድምፁና ቀለሙ። የመኪናው ጡሩምባ ወደ ኋላ ይቀርና የእርሻ ውሻ ይተካዋል። በመስከረም ደግሞ ምድሩ አረንጓዴና ቢጫ ብቻ ነው። የአደይ አበባ ቢጫ፣ የኑግ ቢጫ፣ በመካከሉም ገና ያልደረሰ ጤፍ። መንገድ ዳር ሸንኮራ አገዳ አቁመው የሚሸጡ ልጆች አሉ። አንዱ ብስክሌቴን እያየ «ጋሼ፣ አገዳ ግዛና ጉልበት ይሁንህ» አለኝ። ጋሼ መባሌ ጉልበቴን ከመጨመር ይልቅ ዕድሜዬን ጨመረብኝ፤ ቢሆንም ገዛሁ።

የመጀመሪያ ማረፊያዬ የበቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት ምድጃ ነበር። ሦስት ጉልቻ፣ ከሰል፣ ከላዩ ቅጠሉ ያልተገፈፈ እሸት። በቆሎን ስንበላ ከዓለም ጋር አብረን እየበላን መሆናችንን እንረሳለን። በቆሎ መነሻው የአሜሪካ ምድር ነው፤ ወደዚህ ክፍለ ዓለም የመጣው ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ነው። አባቶቻችን በአንዳንድ ስፍራ ያወጡለት ስም «የባሕር ማሽላ» የሚል ነበር። ስሙን ያወጣው ገበሬ ካርታ አላየም፤ ግን አንድ እንግዳ እህል በእጁ ሲገባ ሁለት ነገር አወቀ። ማሽላ ይመስላል፤ ከባሕር ማዶ ነው። ይህ ሁለት ቃል ብቻ የሆነ የታሪክ መዝገብ ነው። በቀይ ወጣችን የምንኮራበት በርበሬም የዘር ግንዱ ከዚያው ከአሜሪካ ነው። ዛሬ ከበርበሬ ውጭ ራሱን የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ምግብ ጥቂት ነው። ሰው ለእንግዳ እንዲህ ቦታ መስጠት ከቻለ፣ እንግዳው የቤት ልጅ ለመሆን ብዙ ዘመን አይፈጅበትም።

ሁለተኛው ማረፊያዬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ በተጋገረ የዳጉሳ እንጀራ ላይ ሽሮ ያፈሰሱልኝ አንዲት እናት ቤት ነው። የዳጉሳ እንጀራ ጠቆር ይላል፤ ሲቆርሱት ከጤፉ ይከብዳል፤ ለብስክሌተኛ ግን እስከ ማታ የሚያደርስ ስንቅ ነው። የዳጉሳ ታሪክ ደግሞ የበቆሎው ተቃራኒ ነው። በቆሎ ከውጭ መጣ፤ ዳጉሳ ከእኛው ወጣ። ዕፅዋትን የሚያጠኑ ሊቃውንት እንደሚነግሩን ዳጉሳ ለመጀመሪያ ጊዜ የለማው ከኢትዮጵያ እስከ ኡጋንዳ ባለው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው። ከዚያም ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ባሕር ተሻግሮ ሕንድ ገባ። ዛሬ በደቡብ ሕንድ «ራጊ» ተብሎ የድሃውም የሀብታሙም ምግብ ሆኗል። እንግዲህ ይህን የሕንድ ጉዳይ በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ተመልሰን እናገኘዋለን።

ጢስ ዓባይ ከተማ ስትደርሱ ብስክሌቱን አደራ ሰጥታችሁ በእግር ትወርዳላችሁ። ከፏፏቴው በታች ወንዙ በጥቁር አለት መካከል ጠብቦ የሚያልፍበት ስፍራ ላይ አንድ የድንጋይ ድልድይ አለ። ሰው ሁሉ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል። በአገራችን ከተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። የዘመኑን ታሪክ የጻፈው የኢየሱሳውያኑ ሚስዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደሚለው ድልድዩ በአፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ በ1626 እ.ኤ.አ. ተሠራ። ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ የተገኘው አላታ ከሚባለው ገባር ወንዝ አጠገብ ነው። ሥራውን የመራውም ከፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ አንድ የእጅ ባለሙያ ነበር።

እስኪ ይህን ቆም ብለን እናስበው። ትእዛዙ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ድንጋዩና ኖራው የጎጃምና የበጌምድር ምድር፣ ጉልበቱ የአገሬው ሰው፣ የባለሙያው መነሻ ሕንድ። ስሙ ግን የፖርቱጋል! ድንጋይ የተሸከመው ገበሬ ስም የለውም፤ ከሕንድ የመጣው አናጺ ስም የለውም። ስም የተረፈላቸው ጻፊዎቹ ናቸው፤ የጻፈ ይወርሳልና። የአካባቢው ሰው ደግሞ በፊናው ኖራው በእንቁላል ተለውሶ ነው ይላል፤ ይህ አፈ ታሪክ በጎንደር ዘመን ስለተሠሩ ብዙ ግንቦች የሚነገር ነው። እኔ አፈ ታሪኩን የምወደው ለአንድ ነገር ነው፦ ንጉሡንም ፓትርያርኩንም ትቶ እንቁላሉን ከየቤቷ ያወጣችውን ሴት ያስታውሳል።

ድልድዩን ያሠራው ንጉሥ መጨረሻው አላማረም። ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን የመንግሥት ሃይማኖት ለማድረግ ሲነሣ አገር ታወከ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ በዚያው ዓመትም ዐረፈ። ፋሲለደስ ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጣ። ሃይማኖቱ ተመለሰ፣ ሰዎቹ ሄዱ፤ ድልድዩ ግን ከየትኛውም ወገን ሳይሆን ቆመ። ገበያተኛውም ካህኑም አህያውም አራት መቶ ዓመት ገደማ ተሻገሩበት። በዳጉሳ መንገድ ወደ ሕንድ የሄደው ጥበብ በኖራ መንገድ ተመልሶ መጣ ብዬ ባስብ ስንኝ ቋጣሪነቴ ነው፤ ነገሩ ግን ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

ስለ ፏፏቴው ከሁሉ አስቀድሞ ለአውሮፓ ሰዎች ካወሩት አንዱ ጀሮኒሞ ሎቦ የሚባል ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ነው። ከ1625 እስከ 1634 እ.ኤ.አ. በአገራችን ነበር። ሎቦ ከሚወርደው ውኃ ኋላ፣ በአለቱ ሥር ተቀምጦ በውኃው መጋረጃ ውስጥ ቀስተ ደመናዎችን እንዳየ ጻፈ። ከመቶ አርባ ዓመት በኋላ በ1770 እ.ኤ.አ. ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጣና ፏፏቴውን አይቶ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ «እዚያ ሥር መቀመጥ ፈጽሞ የማይቻል ነው» በሚል መንፈስ ሎቦን ውሸታም አደረገው። ሁለቱ የተጣሉት በአንድ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚል ነው! ሎቦ በክረምት ማግሥት ሳይሆን ውኃው በጎደለበት ወር አይቶት ቢሆንስ? ውኃ የሚሞላም የሚጎድልም ነገር መሆኑን ሁለቱም በክርክራቸው ዘነጉት።

ለሥነ ጽሑፍ ሰው ግን ከጠቡ ይልቅ ትርፉ ይበልጣል። የሎቦ መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ ተመለሰ። ከፈረንሳይኛው ወደ እንግሊዝኛ አሳጥሮ የመለሰው ደግሞ ያኔ ስሙ የማይታወቅ፣ ችግረኛ የሆነ አንድ ወጣት ነበር፤ ሳሙኤል ጆንሰን። መጽሐፉ በ1735 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ የጆንሰን የመጀመሪያ መጽሐፉ ነው። ኋላ የእንግሊዝኛን ታላቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ይህ ሰው በ1759 ስለ አንድ የአቢሲኒያ ልዑል የጻፈው «ራሴላስ» የተሰኘው ልቦለድ መነሻውን ከዚሁ ከሎቦ ንባቡ ያገኘ ነው። «ራሴላስ»ንም የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መለሰልን። ከአገራችን የወጣ ወሬ በፖርቱጋልኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በእንግሊዝኛ ዞሮ፣ ታሪክ ለብሶ በአማርኛ ወደ ቤቱ ገባ። በዳጉሳና በኖራ ላይ ያየነው የመሄድና የመመለስ ነገር በመጽሐፍም ሆነ።

አሁን ከድልድዩ ተሻግረን ዳገቱን ወጥተን ከፏፏቴው ትይዩ እንቁም። ቁመቱ 45 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በሞላ ጊዜ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይሆናል። በዚያ መስከረም ውኃው ጥሩ ነበር። ጢሱ ከሩቅ ይታይ ነበር፤ ከቀረባችሁት ደግሞ ፊታችሁን ያርስ ነበር። ነገር ግን የእኔ ትውልድ ይህን ፏፏቴ በዓይኑ ከማየቱ በፊት በእጁ ይዞት ያውቃል። በ1969 ዓ.ም. የወጣው የአንድ ብር ኖት ፊቱ ላይ የልጅ ምስል፣ ጀርባው ላይ ወፎችና የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነበሩበት። ስኳር እንድንገዛ የሚሰጡን፣ በዓል ሲሆን አያት በመዳፋችን ጨምቃ የምታስይዘን እርሱ ነበር። ባንክ ስገባ ደግሞ ያው ብር ከወር ወር እየቆሸሸ፣ እየተቀደደ፣ በፕላስተር እየተጠገነ በመስኮቴ ይገባ ነበር። ዕድፉ ወፎቹን ቢሸፍናቸው እንኳ የፏፏቴው ነጭ መስመር ይታይ ነበር።

ከዚያም 2002 ዓ.ም. መጣ። ዓመተ ምሕረቱ ይህ ተብሎ የተቀረጸበት የአንድ ብር ሳንቲም ወጣ። በአንድ ፊቱ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ሚዛን አለበት። ወረቀቱም ቀስ በቀስ ከገበያ ጠፋ። በዚያው በ2002 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ተመረቀ። አጋጣሚ ነው፤ ማንም እንዲገጣጠም አላሰበውም። ግን አጋጣሚው ይገርማል፤ ፏፏቴው በአንድ ዓመት ውስጥ ከገንዘቡ ላይም ከአለቱ ላይም መውረድ ጀመረ።

ነገሩን በቁጥር ላስረዳ፤ ቁጥር ሙያዬ ነውና። በፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ በ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ከወንዙ የሚወስደው ውኃ ጥቂት ስለሆነ ፏፏቴው እምብዛም አልተነካም። በ1996 እ.ኤ.አ. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ የወንዙ መጠን በዝናብ ብቻ ሳይሆን በመዝጊያ የሚወሰን ሆነ። በ2001 እ.ኤ.አ. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ተጨመረ። ይህ ጣቢያ ውኃውን ከፏፏቴው በላይ በቦይ ይቀበለውና ኃይሉን ወስዶ ከፏፏቴው በታች ይመልሰዋል። ያኔ ነው በበጋ የሚመጣው እንግዳ በ400 ሜትር ፈንታ ቀጭን የውኃ ክር አይቶ መመለስ የጀመረው። በመጨረሻም ጣና በለስ መጣ። ውኃው ከሐይቁ በምዕራብ በኩል 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ተወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ከ300 ሜትር በላይ ስለሆነ ያው የጣና ውኃ በፏፏቴው ከሚሰጠው እጅግ የበለጠ ኃይል ይሰጣል። አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው። የጢስ ዓባይ ሁለቱ ጣቢያዎች ቢደመሩ 84.4 ይሆናሉ፤ በለስ ብቻውን ከእነርሱ አምስት እጥፍ በላይ ነው። በለስ ውኃውን ይዞ ወደ ሱዳን ድንበር ሳይደርስ እንደገና ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ውኃው አልጠፋም። የሄደው በሌላ በር ነው፤ በፏፏቴው በር አላለፈም እንጂ።

እንዲህ ሲሰላ ትርፉ ግልጽ ነው። እኔም የምጽፍበት መብራት ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ያለ መብራት ልጅ አያጠና፣ ክሊኒክ ክትባት አያቆይ፣ ባንኩም አይከፈት። ዓባይንም በኃይል ማመንጨት ያልደገፈ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይከብዳል፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንቱ ከደመወዙ ያዋጣበት እንደሆነ በመስኮቴ ያለፈውን ቦንድ የቆጠርኩ እኔ እመሰክራለሁ። ሐሳቤ ሌላ ነው። ወደ እርሱ ከመሄዴ በፊት ግን የመመለሻዬን ማረፊያ ልንገራችሁ።

ከጢስ ዓባይ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ አንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ አየሁ። ይህ ምልክት ምን እንደሚል ለጎጃም ሰው አይነገረውም፤ «ጠላ አለ» ይላል። ገባሁ። ቤቱ ጭስ ጭስ ይላል፤ መደቡ ቁርበት ተነጥፎበታል። ጠላው የዳጉሳ ነበር፤ ጠቆር ያለ፣ ጌሾው ያልበዛ። ባለቤቲቱ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው።

«ከወዴት መጣኸ ልጄ?» አሉኝ።

«ፏፏቴውን አይቼ ስመለስ ነው እትዬ።»

«ሞልቶ አገኘኸው?»

«ዛሬስ ሞልቷል።»

«እንግዲያው ዕድለኛ ነኸ። ዱሮ እኮ ሌሊት ተኝተን እንሰማው ነበር። ድምፁ ሲቀየር ክረምቱ ወጣ እንል ነበር። አሁን መስማቱን ትተናል።»

ብርጭቆዬን ሞሉልኝና ቀጠሉ። ዱሮ ፈረንጁም ያገሩም እንግዳ በብዛት ያልፍ እንደነበር፣ ውኃው ሲቀንስ እግሩም እንደ ቀነሰ፣ ቆሎና እንቁላል ሸጠው ልጅ ማስተማራቸውን አወጉኝ። ቅሬታ አይመስልም ነበር፤ የአየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነበር የሚያወሩት። ከደጃፋቸው ማዶ በእርሻው ላይ የኤሌክትሪክ ትላልቅ ምሰሶዎች ተሰልፈው ያልፋሉ። በቤቱ ምሰሶ ላይ ግን ኩራዝ ተሰቅሎ ነበር። እኔም ኩራዙን አየሁ፤ እርሳቸውም ማየቴን አዩ። «እርሱም ይመጣል ይላሉ» አሉ፤ ፈገግ ብለው። ሒሳብ ስጠይቃቸው ለሁለተኛው ብርጭቆ አልቀበልም አሉ፤ «ያ የእንግዳ ነው፤ አይቆጠርም።»

አይቆጠርም! እኔ ከጧት እስከ ማታ የምኖረው በሚቆጠር ነገር ነው። በሙያዬ ከተማርኳቸው ሕጎች የመጀመሪያው ይህ ነው፦ የገባ ይጻፋል፤ የወጣም ይጻፋል። ትርፉ የቱንም ያህል ቢበዛ ወጪው ያልተመዘገበበት መዝገብ አይዘጋም። ቢዘጋም ሐሰት ነው። ስለ ፏፏቴው የማነሣው ቅሬታ ይህ ብቻ ነው። 460 ሜጋ ዋት ተጻፈ፤ ይጻፍ። ግን በወጪው ዓምድ በኩል የተጻፈው የታል? ሌሊት ይሰማ የነበረው ድምፅ፣ የአንዲት እናት የእንቁላል ገበያ፣ ልጅ ሳለን በመዳፋችን የያዝነው ነጭ መስመር በየትኛው ገጽ ሰፈሩ? ድልድዩን የሠራው ከሕንድ የመጣው ባለሙያ ስሙ የጠፋው ክፉ ሰው ስላጠፋው አይደለም፤ የሚጽፍ ሰው «አይቆጠርም» ብሎ ስላለፈው ነው። እኛም ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ያንኑ ደግመን ብንሠራው ከአልሜዳ ምን ተሻልን?

ደግሞም የጠፋው ሁሉ ተመልሶ የማይመጣ አይደለም። ፏፏቴ ከሌሎች ቅርሶች የሚለየው በዚህ ነው። ሐውልት ከፈረሰ ፈረሰ፤ ፏፏቴ ግን መዝጊያ ሲከፈት ይመለሳል። አለቱ ቦታው ላይ ነው። በዓመት ውስጥ ስንት ቀን፣ በስንት መጠን ይውረድ የሚለው የሰው ውሳኔ ነው። ውሳኔ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ሊወስን የሚችለው ዋጋው የተጻፈለትን ነገር ነው። ስለዚህ እንጻፍ እላለሁ። ገጣሚው በግጥሙ፣ የታሪክ ሰው በታሪኩ፣ መምህሩ በትምህርቱ፣ እኔን የመሰለ ጸሐፊም በዚህ በመጣጥፉ።

ይህን ስጽፍ ያ መንገድ በብስክሌት ካየሁት ብዙ ዓመት ሆኖታል። በ2015 ዓ.ም. ክልላችን ጦርነት ውስጥ ከገባ ወዲህ የእሑድ ጉዞ የሚባል ነገር ከአፋችን ወጥቷል። እንግዳ የሚጠብቁ ደጆች ጭር ብለዋል። ያቺ እናት በምን ሁኔታ እንዳሉ ሳስብ ልቤ ይከብዳል። ይሁንና አራት መቶ ዓመት የቆመው ድልድይ የሱስንዮስን ዘመን ጦርነት አይቷል፤ ከዚያ በኋላ የመጡትንም አይቷል። ሁሉም አለፉ፤ ገበያተኛውም መሻገሩን አልተወም። የእኛም ቀን እንደሚያልፍ ድንጋዩ ይመሰክርልኛል።

እስከዚያው አንድ ቀን ከመስኮቴ ኋላ ሳንቲም ስቆጥር የጻፍኳትን አራት መስመር ልተውላችሁ፦

ውኃው ከብር ወርዶ ሚዛን ተተካበት፣
አንበሳም መጣና በጀርባው ቆመበት፤
በአንደኛው ብርሃን በሌላው ጢስ አለ፣
መዛኙ ማን ይሆን ጢሱን ያቀለለ?